ራስን የመምራት ፈተና

አንድ የትምህርት ቢሮ ሹም ተማሪዎች ራሳቸውን መምራት መቻል አለመቻላቸውን ሊለካ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት መጣ። የመኪናውን በር ሾፌሩ ከፈተለት፤ ቦርሳውን ረዳቱ መንበሩ ተሸከመለት፤ ወንበሩን ርዕሰ መምህሩ በመሐረቡ ጠረገለት። እንዲህ በሰው ተደግፎ ከተቀመጠ በኋላ፣ «በዚህ ፈተና የወደቀ ወደሚቀጥለው ክፍል አያልፍም!» ብሎ አወጀ።

ፈተናው እንደተጀመረ ኃይለኛ ዝናብ በመስኮቱ እየገባ የተማሪዎቹን ወረቀት ያበሰብስ ጀመር። ሹሙም እየረጠበ፣ ግን ከወንበሩ ሳይነሳ፣ «መንበሩ! አንተ መንበሩ! መስኮቱን ዝጋ እንጂ!» እያለ ይጣራል። መንበሩ መኪናው ውስጥ ተኝቷል። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ተነሥታ ዘጋችው።

ሹሙ ተቆጣ። «ማን ተነሺ አለሽ? ያለ ፈቃድ የሚነሳ ራሱን መምራት አይችልም። ዜሮ!»

ልጅቷ ዓመቱን ሙሉ የለፋችበት አንደኝነት በአንድ ቃል ገደል ሊገባ ሆነ። መምህሯ፣ «ጌታዬ፣ ይቅር ይበሏት» ሲል ለመነላት።

«ጥፋቷን እዚሁ ካረመች ብቻ!» አለ ሹሙ።

«እሺ ጌታዬ፣ አርማለሁ» አለች ልጅቷ ወደ መስኮቱ እየሄደች። «መልሼ ከፍቼው፣ እንደ እርስዎ ቁጭ ብዬ የሚዘጋልን ሰው እጣራለሁ።»