ጠላቱን በታንኳ ስላሻገረው ስለ ዘወንጌል

በአምላክ እናት ስም የተሰበሰባችሁ ወገኖቿ ሆይ፣ ይህ ተአምር በሩቅ አገር የተደረገ አይደለምና ልባችሁን ሰብስባችሁ አድምጡ። በዚህችው በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴታችን፣ በአያቶቻችን ዘመን የተደረገ ነው። ደሴታችን ትንሽ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር ስትሄዱ የዘወትር ጸሎታችሁን ደግማችሁ ሳትጨርሱ መሬቱ ያልቅባችኋል። የቤተ ክርስቲያናችንም ክዳን ሣር ነው፣ ክረምት ሲበረታም ያፈሳል። ሌሎች አድባራት በጉልላታቸው ይመኩ፣ አንከለክላቸውም፤ እኛ ግን የምንመካበት አንድ ባለታንኳ አለን፣ ስሙም ዘወንጌል ይባል ነበር።

ይህ ዘወንጌል ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ዳር ሣር በታሰረ ታንኳ ሰውን ከደሴት ወደ ማዶ፣ ከማዶ ወደ ደሴት እያሻገረ የሚኖር፣ እመቤታችንንም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወድ ሰው ነበር። ማለዳ መቅዘፊያውን ውኃ ሳያስነካ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ይሰግድና በምድር በኖረችበት ዕድሜዋ ልክ ስድሳ አራት ጊዜ «ሰላም ለኪ» ይላት ነበር። ስእለትም ነበረው፤ «ስለ እመ ብርሃን» ብሎ የጠራኝን ማንንም ሰው በዳር ትቼው አልሄድም ብሎ ተስሎ ነበርና ይህንን ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያጎድል ጠበቀ።

ነገር ግን ተአምር የሚነገረው የሰውን ጉድለት ለመሸፈን አይደለምና እውነቱን እንናገር። ዘወንጌል ፍቅርን እንደ ቅርጫ ሥጋ በመደብ በመደብ የሚያካፍል ሰው ነበር። ለእመቤታችን አንድ መደብ፣ ለሚስቱ ለትርሲት አንድ መደብ፣ ለእናቱ፣ ለጽዋ ወንድሞቹም ለየራሳቸው ደልድሎ «ከዚህ የተረፈኝ የለም» ይል ነበር። የንስሐ አባቱ አባ ክፍለ ማርያምም ይህን ሰምተው «ልጄ፣ የሚስት ፍቅር የኪዳን ነው፣ የእናት ፍቅር የደም ነው፣ የወዳጅም ፍቅር አብሮ የበሉት እንጀራ ነው፤ እኒህን ያላመነም ሰው ያውቃቸዋል። ለማይገባው ሰው የሚሰጥ ፍቅር ግን አለ፣ እርሱ ከላይ ይቀዳል እንጂ ከእኛ አይወጣም። ለደባስ ምን ሰጠኸው?» ቢሉት፣ ዘወንጌል ፊቱን አዙሮ «የደባስን ነገር ለእግዚአብሔር ትቼዋለሁ፣ አባቴ» አላቸው። ትቼዋለሁ ይበል እንጂ በልቡ ቋጥሮ ይዞት ነበር።

ደባስ ማን ነው ብትሉ፣ የማዶ ባለታንኳ ነበረ። ደንገል ውኃ ጠጥቶ ይከብዳልና ባለታንኳ ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን በዳር አቁሞ ለፀሐይ ይሰጠዋል፤ ደባስም በቅንዓት ተነሣሥቶ፣ የዘወንጌል ታንኳዎች እንዲህ ቆመው በደረቁበት ቀን እሳት ለቀቀባቸው። የዘወንጌልም አባት ታንኳዎቹን አድናለሁ ብሎ ወደ እሳቱ ገባና ተቃጠለ፣ በሦስተኛውም ቀን ዐረፈ። ደባስ አገር ጥሎ ጠፋና ሰባት ዓመት ወሬው አልተሰማም።

ከዚያም በኅዳር ጽዮን ማግሥት ትርሲትን ምጥ ያዛት፣ ምጡም ጸናባትና በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ዛለ። የደሴቲቱ ሴቶች ከበዋት «ማርያም፣ ማርያም» ይሉ ነበር፤ ይሁን እንጂ ልጁ በጎኑ መጥቶ ነበርና የሚያዞረው እጅ ከመካከላቸው አልተገኘም። ይህን የሚያውቁ በማዶ የሚኖሩ እመት አንጓች የሚባሉ አዋላጅ ብቻ ነበሩ። ዘወንጌልም ረፋዱ ላይ ብቻውን ቀዝፎ ተሻገረና እመት አንጓችን ከቤታቸው ጠርቶ ወደ ዳር አመጣቸው። ታንኳው ግን ሲመጣ ውኃ ጠጥቶ ነበር፣ ነፋሱም ተነሥቶ ነበር፣ ለማድረቅ ደግሞ ጊዜ አልነበረም፤ ሁለት ሰው ቢችል ነው እንጂ ሦስተኛ ቢጨመር እንደሚሰጥም ዘወንጌል ያውቃል።

ሊነሡም ሲሉ በዳሩ ባለ ሾላ ሥር ተኝቶ የነበረ አንድ በሽተኛ በክንዱ ተደግፎ ተነሣና «ስለ እመ ብርሃን አሻግረኝ» አለው። «አባ ክፍለ ማርያም ዘንድ አድርሰኝ፤ ንስሐ ሳልገባ ልሞት ነው።» ዘወንጌል ዞሮ አየው፤ ሰውየው ከስቶ አጥንቱ ቀርቶ ነበር፣ ዓይኑን ግን አወቀው። ደባስ ነበረ።

«ያን ስም አንተ አትጥራው» አለው ዘወንጌል። «አባቴን የበላህ ሰው ነህ።»

«ነኝ» አለ ደባስ። «አልክድም። ብትገድለኝም አልፈርድብህም፤ ብቻ ሳልናዘዝ አልሙት።»

ዘወንጌል ወደ እመት አንጓች ዞሮ «ሚስቴ እየሞተችብኝ ነው፣ እመት። ምን ላድርግ?» አላቸው።

«እኔ አዋላጅ ነኝ እንጂ ዳኛ አይደለሁም» አሉት። «ግን ስእለትህን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ዛሬ ይህን ሰው ትተኸው ብትሄድ፣ ሚስትህ ደጅ ስትደርስ እመ ብርሃንን በምን አፍህ ልትጠራት ነው?»

ዘወንጌልም በዚያ ዳር ቆሞ አለቀሰ። የሚስቱ ፍቅር ቶሎ ድረስ ይለዋል፣ የአባቱ ፍቅር ደሙን ይጠይቀዋል፣ የእመቤታችን ፍቅር ደግሞ ያንን ሰው አንሣው ይለዋል፣ እርሱም አንዱንም ዝም በል ሊለው አልቻለም። ከዚያም ልብሱን በወገቡ ታጠቀና «ታንኳው ሁለት ሰው ይችላል፤ እኔ እወርዳለሁ» አለ። እመት አንጓችን በፊት፣ ደባስን በኋላ አስቀመጠና መቅዘፊያውን ለእመት አንጓች ሰጣቸው፣ ራሱ ግን ወደ ውኃው ገብቶ ታንኳውን ከኋላ እየገፋ ይዋኝ ጀመር። ይህ ሐይቅ የጉማሬ ቤት መሆኑን የማያውቅ ካለ ከእኛ አገር ሰው አይደለም።

የመንገዱን እኩሌታ በተጓዙ ጊዜ ነፋሱ በረታ፣ ታንኳውም ጠጥቶ ጠጥቶ ከውኃው እኩል ሆነ፣ የዘወንጌልም ክንድ ዛለና እጁ ከታንኳው ተላቀቀ። ያን ጊዜ ደባስ ጎንበስ ብሎ የእጁን አንጓ ጨበጠው። ዘወንጌልም «ልቀቀኝ፣ ሁላችንም መስጠማችን ነው» አለው።

«የአባትህን እጅ መያዝ ስችል ቆሜ አየሁት» አለ ደባስ። «ያንተን አልለቅም።»

በዚያችም ሰዓት፣ ዘወንጌል ራሱ በኋላ እንደመሰከረው፣ ሰባት ዓመት በደረቱ ላይ ተጭኖት የኖረው ነገር ለቀቀውና «እመቤቴ ሆይ፣ ይህን ሰው ወደድሁት፤ ይህ ፍቅር የእኔ አይደለም፣ ከየት እንደመጣልኝም አላውቅም» አለ። ይህንንም ባለ ጊዜ የራሰው ታንኳ ትናንት እንደታሰረ ሆኖ ከውኃው ብድግ አለና፣ ከፊት ይገፋቸው የነበረው ነፋስ ወደ ኋላቸው ዞሮ ሦስቱንም ወስዶ ከወደቡ አደረሳቸው። ወደ ዳር ስበው ቢገለብጡት የታንኳው ሆድ ደርቆ አገኙት። የራሰ ደንገል በፀሐይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የምናውቅ እኛ ነንና፣ የሚጠራጠር ካለ ይምጣና ይጠይቀን።

ከዚያም ዘወንጌል ደባስን ለካህናቱ ሰጥቶ ከእመት አንጓች ጋር ወደ ቤቱ ቢሮጥ፣ እልልታና የሕፃን ልቅሶ ከደጅ ተቀበለው። ትርሲት ወንድ ልጅ ታቅፋ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹም «የላክሃት አዋላጅ አሁን መውጣቷ ነው፣ በመንገድ አላገኘሃትም?» አሉት። እርሱም «እኔ ማንንም አልላክሁም» አላቸው።

ትርሲትም እንዲህ አለችው፤ «የቀሚሷ ጫፍ ርሶ ነበር። ሆዴን አንድ ጊዜ ዳሰሰችኝና ልጁ ዞረ። ባሌ ለምን ቀረብኝ ብዬ ባለቅስ፣ ‹ባልሽ የእኔን እንግዳ ተሸክሞ ነው የዘገየው፤ እኔ ስለ እርሱ መጥቻለሁ› አለችኝ።»

ዘወንጌል ይህን በሰማ ጊዜ በደጁ ላይ በግንባሩ ተደፋ፣ እመት አንጓችም «ሃምሳ ዓመት ሳዋልድ የቀደመኝ ሰው አልነበረም፤ ዛሬ ተቀደምሁ፣ ደስም አለኝ» ብለው እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። የደሴቲቱም ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ምስጋናን አቀረበ።

ደባስም ተናዝዞ፣ ቀኖናውን ተቀብሎ፣ ከቅዱስ ሥጋውና ከክቡር ደሙ ተካፈለ፣ እግዚአብሔርም ዕድሜ ጨመረለት። ሕፃኑ ዐርባ ቀን በሞላው ጊዜ ዘወንጌል «ልጄን ክርስትና የሚያነሣልኝ ደባስ ነው» አለ። አበልጅ ከአበልጅ ደም አይፈላለግምና ዘመዶቹ «የአባትህን ገዳይ አበልጅ ልታደርገው ነው?» ብለው አጉረመረሙ። እርሱ ግን «አባቴ ካለበት ሆኖ የልጅ ልጁን ማን እንዳቀፈው ይይ» አላቸው። ደባስም ሕፃኑን ክርስትና አነሣውና በሳምንቱ ዐረፈ፤ ዘወንጌልም ከአባቱ መቃብር ጎን ቀብሮት፣ ለወንድም እንደሚደረገው ለቅሶ ተቀመጠለት።

አሁንም እናንተ ይህን የሰማችሁ፣ የቀሚሷ ጫፍ እየራሰ ሐይቃችንን የተሻገረች እመቤት ወደ ቤታችሁ ትግባ፤ የምትወዱትን ትጠብቅላችሁ፣ ልትወዱት ያቃታችሁንም የምትወዱበትን ፍቅር ከልጇ ትለምንላችሁ፤ ለዘላለሙ አሜን።