የእንሽላሊት ወባ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤቱ ቆላ፣ ሐይቁ ዳር። የስምንት ዓመት ልጁ አየለች ወባ ይዟት ትንቀጠቀጣለች።

በዚያው ሰሞን ከከተማ የመጡ ተመራማሪዎች እንሽላሊት እየያዙ ደም ይወስዱ ነበር። ሰውዬው ጠጋ ብሎ ጠየቀ። «ወባ አለባቸው» አሉት። በቃ! ይህችን ሁለት ቃል ይዞ ሮጠ። ምን ዓይነት ወባ ብሎ መጠየቁን የት አባቱ ያውቃል!

ቤት ገባ። አጎበሩን ከአልጋው አወረደ፣ ቀደደው፣ ከዘንግ አስሮ የእንሽላሊት መያዣ ሠራበት። ሰማችሁ? ልጅቷ የምትተኛበትን አጎበር!

ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ ትንኝ ልጄን ጨረሳት እኮ!» አለችው።

«ዝም በይ! ከሥሩ እየነቀልኩልሽ ነው።»

ጀግና! ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ ለግድግዳ አደነ። አርባ ገደለ። በሦስተኛው ቀን የልጅቷ ዓይን ተገለበጠ።

ተሸክሟት ጤና ጣቢያ በረረ። ነርሷ ቶሎ መርፌ ወጋቻትና ወደ እርሱ ዞረች።

«ጋሼ፣ አጎበር የላችሁም?»

«ነበረን…»

«ደጃችሁ ላይ ያቆረ ውሃስ?»

«ለምርጊት አፈር ያወጣሁበት ጉድጓድ አለ።»

«ታዲያ ምን ሲሠሩ ከረሙ?»

«እንሽላሊት ስገድል።»

«ውይ ጋሼ! የእንሽላሊት ወባ የእንሽላሊት ነው፤ ሰው አይዝም። ጭራሽ ትንኝ የሚበላልዎትን ጨረሱት?»

ልጅቷ በአራተኛው ቀን እህል ቀመሰች። ሰውዬው ያን ቀን ጉድጓዱን ደፈነ፤ ደጁ ተቀምጦም አጎበሩን በገዛ እጁ ሰፋ። ጎረቤት «ወንድ መርፌ ያዘ!» ብሎ ሳቀ። ቀና አላለም። ሰፋ።

ምን ያስቃችኋል እናንተ? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ጆሮ ግን አለኝ። እዚህ ጸሎት ቤት ተንበርክካችሁ የማንን ኃጢአት ነው ለእግዚአብሔር የምትነግሩት? የጎረቤታችሁን! እርሷ ሐሜት አለባት፣ እርሱ መጠጥ አለበት። አለባቸው፣ አለባቸው! አዎ፣ አለባቸው። የእነርሱ የእነርሱ ነው። እናንተን የሚያንቀጠቅጣችሁስ የማነው?

ሰው ለማደን ብላችሁ ምን ቀደዳችሁ? ጸሎታችሁን አይደለም? ልጆቻችሁ የሚጠለሉበትን?

ተነሡ እንግዲህ። አሜን ብላችሁ እንዳትቀመጡብኝ። ጉድጓዱ የት እንዳለ እያንዳንዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ዛሬውኑ ድፈኑት። አካፋ የለኝም የሚል ካለ፣ ቤቴ ይምጣና ይውሰድ።