ቡሶላው አልወጣም ያለ ቀን

ይህን ብነግራችሁ እንደማታምኑኝ በሚካኤል እምላለሁ። ካመናችሁኝ ምላሴ እንደ አሮጌ ጎማ ትተርተር።

ወደ መተማ በሚወስደው አስፋልት ዳር ሾላ በር የምትባል የቆላ መንደር አለች። ሙቀቷ ሙቀት እንዳይመስላችሁ። እኩለ ቀን ላይ የሰው ጥላ ባለቤቱን ጥሎ አውቶቡስ ሥር ይገባል። በዚያ ሙቀት መዶሻና አህያ አፍ አውጥተው ቢናገሩ አይፈረድባቸውም።

እዚያ ሞላልኝ የሚባል ጎሚስታ ነበር። ጎማ ይለጥፋል፣ ጎማ ይነፋል፤ ሲነፋ ግን ዓይኑ ከጎማው ላይ አይደለም፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ላይ ነው። ምክንያቱም የጎረቤቱ ልጅ ትርንጎ ልብስ ስፌት ልትማር ወደ ጎንደር ስትሄድ አንዲት ቃል ሊላት ነበር። አፉን ሲከፍት የአውቶቡሱ አቧራ ገባበትና ቃሉን ከነአቧራው ዋጠው። ከዚያ ወዲህ በሾላ በር ያለፈ አውቶቡስ ሁሉ፣ እሱ ያላየው መስኮት የለውም። ከማየቱ ብዛት አንገቱ ረዝሞ፣ ኮሌታው የሚበቃው ሸሚዝ ከገበያ ጠፋ።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ አውቶቡስ ልክ ከደጁ ሲደርስ ጎማው ጧ! አለ። ሞላልኝ ቀና ቢል መስኮቱ ላይ ትርንጎ! ስፌቷን ጨርሳለች፤ መተማ ያለችው አክስቷ ሱቅ ይዛላት ልትቀመጥ መሄዷ ነው። ሻንጣዋም ከአውቶቡሱ ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ጥፍር ተደርጎ ታስሯል። አውቶቡሱ ከሄደ፣ ሄደች።

«ደህና ነሽ?» አላት።

«ደህና ነኝ» አለችው፤ ደግሞ የሚል ነገር ካለው ብላ ጠበቀች።

«በል እንጂ ወንድሜ፣ ጎማውን ፍታልኝ! የእጅ መፍቻዬ መንገድ ላይ ተሰብሮብኛል» አለ ሾፌሩ ጋሼ ዘውገ።

ሞላልኝ በአየር የሚሽከረከረውን መፍቻ አነሣ። አፉ ላይ ቡሶላ ተሰክቶበታል፤ ቡሶላ ማለት ብሎኑን እንደ ቆብ የሚደፋው ብረት ነው። የተሰካው ግን የትንሽ መኪና ነው። የአውቶቡሱ ትልቅ ቡሶላ እንዲገባ ትንሹ መውጣት አለበት። ሞላልኝ አውራ ጣቱን ከቡሶላው ጉንጭ ላይ፣ ከትንሿ ቀዳዳ ላይ ጫን አድርጎ ጎተተ። ጎተተ፣ ጎተተ፣ የደም ሥሩ ተገታተረ።

«ወይ ጉድ! ተነክሷል፤ አይወጣም» አለ። ፊቱ ግን እንዳዘነ ሰው ፊት አልጠቆረም።

እናም ቡሶላው ከመፍቻው አልወጣም አለ፤ አውቶቡሱም አልሄድም አለ፤ ትርንጎም መስኮቱ ላይ አለች።

«በመዶሻ በለዋ!» አለ ጋሼ ዘውገ።

«መዶሻ ሆይ፣ ቡሶላውን ምታልኝ» አለ ሞላልኝ።

«አልመታም» አለ መዶሻው። «እጀታዬ ደርቆ ላልቷል። ብትወነጭፈኝ ራሴ ሱዳን ገብቶ ያርፋል፤ ማን ሊያመጣው ነው? ውሃ ካልጠጣሁ አልመታም።»

ጀሪካኑ ባዶ ነው። የተሳፋሪው ውሃም ገና ከመንገድ አልቋል። ወንዙ ደግሞ ታች ነው።

እናም መዶሻው ውሃ ካልጠጣሁ አልመታም አለ፤ ቡሶላው ከመፍቻው አልወጣም አለ፤ አውቶቡሱም አልሄድም አለ፤ ትርንጎም መስኮቱ ላይ አለች። በመሀረብ ታራግባለች። እጅጌዋ ላይ አንዲት ቀይ ክር ተጣብቃለች። ሞላልኝን ያቺን ክር መሆን አማረው።

«አህያ ሆይ፣ ወንዝ ወርደሽ ውሃ አምጪልኝ» አላት ደጁ ላይ የቆመችውን አህያውን።

«አልወርድም» አለች አህያዋ። «ኮርቻዬ ተተርትሮ ጀርባዬን ልጦኛል። አንተ መስኮት ስታይ የኔን ጀርባ መች አየኸው? ኮርቻዬ ካልተሰፋ አልወርድም።»

እናም አህያዋ ኮርቻዬ ካልተሰፋ አልወርድም አለች፤ መዶሻው ውሃ ካልጠጣሁ አልመታም አለ፤ ቡሶላው ከመፍቻው አልወጣም አለ፤ አውቶቡሱም አልሄድም አለ፤ ትርንጎም መስኮቱ ላይ አለች።

«እኔ እምለው» አሉ ከትርንጎ አጠገብ የተቀመጡት አሮጊት፣ እማማ ጥዋቤ፣ «ዛሬ መተማ ልንገባ ነው ወይስ እዚሁ ልንዳር ነው?»

አውቶቡሱ በሣቅ ተናጋ። ሞላልኝ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ከግድግዳው ላይ ወስፌውን አወረደ።

«ወስፌ ሆይ፣ ኮርቻውን ስፋልኝ» አለ።

«በምን? በትንፋሼ?» አለ ወስፌው። «ጠንካራ ክር ካልሰጠኸኝ አልሰፋም።»

«ክርማ የዚች ልጅ ሻንጣ ሙሉ ነው!» አሉ እማማ ጥዋቤ። «መንገዱን ሙሉ ስታወራልኝ የመጣችው ስለ ክርና ስለ አንድ...» ትርንጎ በክርኗ ጎሸም አደረገቻቸው።

«ሻንጣ ሆይ፣ ክር ስጠኝ» አለ ሞላልኝ ወደ ላይ አንጋጦ።

«አልሰጥም» አለ ሻንጣው ከፖርቶ መጋላው ላይ። «እኔ የታሰርኩት መተማ ድረስ ነው። ባለቤቴ ካልወረደች አልወርድም፤ ካልወረድኩ አልከፈትም።»

እናም ሻንጣው ባለቤቴ ካልወረደች አልወርድም አለ፤ ወስፌው ክር ካላገኘሁ አልሰፋም አለ፤ አህያዋ ኮርቻዬ ካልተሰፋ አልወርድም አለች፤ መዶሻው ውሃ ካልጠጣሁ አልመታም አለ፤ ቡሶላው ከመፍቻው አልወጣም አለ፤ አውቶቡሱም አልሄድም አለ፤ ትርንጎም መስኮቱ ላይ አለች።

ሞላልኝ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። መፍቻው እጁ ላይ ነው፤ አውራ ጣቱም እዚያው ቡሶላው ላይ እንደተጫነ ደንዝዟል።

«ትርንጎ፣ ሻንጣው...»

«ሰማሁ» አለች። «ግን አልወርድም። ያን ጊዜ ስሄድ ቅሪ ያለኝ ሰው አልነበረም። አንገቴ እስኪጣመም ወደ ኋላ አይቼ ነበር። ዛሬም ለክር ብዬ አልወርድም። ሰው ውረጂ ካላለኝ አልወርድም።»

እናም ትርንጎ ውረጂ ካልተባልኩ አልወርድም አለች፤ ሻንጣው ባለቤቴ ካልወረደች አልወርድም አለ፤ ወስፌው ክር ካላገኘሁ አልሰፋም አለ፤ አህያዋ ኮርቻዬ ካልተሰፋ አልወርድም አለች፤ መዶሻው ውሃ ካልጠጣሁ አልመታም አለ፤ ቡሶላው ከመፍቻው አልወጣም አለ፤ አውቶቡሱም አልሄድም አለ፤ ሞላልኝም አፉን ከፍቶ ቀረ።

ተሳፋሪው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። አህያዋ እንኳ ዝንብ ማባረር ትታ አየችው።

«ው... ውረጂ» አለ። ድምፁ እንደተበሳ ጎማ ፍስስ አለ።

«አልተሰማኝም።»

«ውረጂ! ትርንጎ፣ ውረጂ! አትሂጂብኝ፤ የሰው መስኮት ማየት በቃኝ!»

ከጩኸቱ የተነሣ መተማ ኬላ ላይ ያሉ ፈታሾች «ማን ነው የሚጠራን?» ብለው ዞሩ።

ትርንጎ ወረደች። ትርንጎ ስትወርድ ሻንጣው ወረደ፤ ሻንጣው ሲወርድ ክሩ ወጣ፤ ክሩ ሲወጣ ወስፌው ሰፋ፤ ኮርቻው ሲሰፋ አህያዋ ወንዝ ወርዳ መጣች፤ ውሃው ሲመጣ መዶሻው ጠጣ፤ መዶሻው ሲጠጣ እጀታው አብጦ ጥብቅ አለ። ጋሼ ዘውገ መዶሻውን ነጥቆ እስከ ሰማይ አነሣና ቡሶላው ላይ ሊያሳርፈው ሲል ትርንጎ ክንዱን ያዘችው።

«ቆይ ጋሼ፣ መፍቻውን እንዳትሰብርበት!» አለች፤ ሣቋ እየቀደማት። «እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ብረት በሚስማር ጫን ሲያደርጋት ቡሶላው በራሱ ነው የሚወጣው፤ ልጅ ሆኜ ከዚህ ደጅ ላይ ስንቴ አይቼዋለሁ! ዛሬም ከመስኮቱ ሆኜ ሳየው ነበር። አንተ ሞላልኝ፣ በል አሁን አውራ ጣትህን ከደበቅከው ቀዳዳ ላይ አንሣና ሰዎቹን ሸኛቸው፤ እኔ እንደሆንኩ ወርጃለሁ!»