ሦስት ክንድ መተላለፊያ

አንድ አናጺ ነበረ። ጥያቄህን አልረሳሁትም ወንድይፍራው፤ «የሰፈሩ ሰው ከግቢህ ጥግ ሦስት ክንድ ለመተላለፊያ ስጠን ብሎኛል፤ ልስጥ ወይስ ልከልክል?» ነው ያልከኝ። መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ስማ።

አናጺው ከተማው ዳር፣ አስፋልቱን ተጠግቶ ቦታ ገዛ። ያኔ ከጓሮው ጀርባ የሽምብራ ማሳ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከተማው እየሰፋ መጣና ማሳው ሁሉ ቤት ሆነ። ታዲያ ሁሉም ቤቱን እንጂ መንገዱን ያሰበ የለም። አንዱ ሲያጥር ሌላው እሱን ተጠግቶ እያጠረ ሰፈሩ መውጫ አጣ። ከኋላ ያሉት ሰዎች የታክሲው ረዳት «መርካቶ! መርካቶ!» ሲል ቤታቸው ተቀምጠው ይሰማሉ፤ ታክሲው ጋ ለመድረስ ግን በወንዙ ዞረው አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄዳሉ። መሃል ላይ ያለው የአናጺው ግቢ ብቻ ነው።

ሽማግሌ ላኩበት፤ አንዴም አይደል፣ ሦስቴ። እሱ የቦታውን ካርታ እያወጣ «መንገድ የሚል ካያችሁ አሳዩኝ» ይላቸዋል። እውነቱን ነው፣ አይልም። በመጨረሻ እድሩ ተሰብስቦ ማንም ሁለተኛ ደጁን እንዳይረግጥ ወሰነ። ሞኝነት ነበር፤ ግን ሁሉም ተናዷል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአንዱ ጎረቤት ሚስት ምጥ ጠናባት። መኪና አይገባም። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት አናጺው የቆርቆሮ አጥር ሥር ደረሱ፤ ደረሱና የእድሩን ውሳኔ አስበው ወደ ወንዙ ታጠፉ። ባልየው እንኳ እልህ ይዞት አፉን አልከፈተም። አናጺው ጓሮው ውስጥ እንጨት ይልግ ነበር። ጩኸቷ ሲቃረብ ሰማ፤ ከዚያ ሲርቅ ሰማ። «እኔን ከመለመን ይቺ ሴት ብትሞት መረጡ ማለት ነው?» አለና መዶሻውን ይዞ ተነሣ። ራሱ የመታውን ሚስማር ራሱ እየነቀለ «ኧረ በዚህ! በዚህ ግቡ!» እያለ ጮኸ። ተሸካሚዎቹ ጎመኑን እየረጋገጡ አለፉ። ጤና ጣቢያ እንደደረሰች ወለደች። ሐኪሟ «ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ሁለቱንም አታገኟቸውም ነበር» አለች።

አናጺው ቆርቆሮውን መልሶ አልመታውም። በማግስቱ በዚያ ያለፈ ሁሉ «እድሜ ይስጥህ» ይለው ጀመር። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ሲኖር ደህና አደርክ ያለው ሰው እንዳልነበረ ያኔ ገባው። «ማመስገንስ ያለብኝ እኔ ነኝ» ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ አናጺ ዛሬ አንተ ነህ። ካርታህ ልክ ነው፤ ማንም አያስገድድህም። ግን ቤት ስለበዛ ብቻ ከተማ አይሆንም፤ ሰው ሰው ጋ መድረስ አለበት። ሦስት ክንድህን ብትሰጥ ነገ ማን እንደሚያልፍበት አታውቅም። እኔ ግን በአናጺው ጓሮ ማን እንዳለፈ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬም እዚያ በደረስኩ ቁጥር ቆሜ አመሰግነዋለሁ። አፉን ያልከፈተው ባል እኔ ነኝ። ቃሬዛው ላይ የነበረችው አማትህ ናት፤ በሆዷ የነበረችውም ሚስትህ።