የማይሞላው ጉድጓድ

አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ መገባደጃ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነበር። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፀሐይ ከደመናው ጉያ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ ሾላ ግርጌ የተባለውን የእንስሳት መንደር ታጮልቃለች፤ ጭጋጉም ከእንቅልፉ እንደ ተቀሰቀሰ ሰነፍ ጋቢውን እየጎተተ ከሸንተረሩ ላይ ይነሣል። በዚያች ሰዓት እመት አህዪት ሁለት እንስራ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ምንጩ ትወርድ ነበር፤ ልቧም ከእርምጃዋ ቀድሞ ይጨፍራል። ልጇ ሸጊት ከወንዝ ማዶ ታጭታለችና።

በዚያ አገር ልማድ ጋብቻ የሚጸናው በጥሎሽ ብዛት ሳይሆን በውኃ ነበር። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ወደ ሙሽራይቱ መንደር መጥቶ ከምንጯ ይቀምሳል። ከዋጠው ልጅቱ ተሰጠች፤ ከተፋው ግን ጋብቻውም አብሮ ተተፋ። «ምንጩን ያላከበረ መንደር ጎጆ ማክበር ከየት ይማራል?» ይባል ነበር። ሽማግሌውም ሊመጣ የተቀጠረው አደይ ሲፈነዳ ነው።

የሾላ ግርጌ ምንጭ ሁለት ዓይኖች ነበሩት። ላይኛው ከዐለት ሥር ይፈልቃል፤ ታችኛው ደግሞ ከአሮጌው ሾላ ጥላ ውስጥ። ታችኛው የመንደሩ ኩራት ነበር፤ እመት አህዪትም ሸጊትን በወለደች ጊዜ የመጀመሪያውን ውኃ ያጠጣቻት ከዚያ ነው። ዛሬም እንደ ልማዷ ጎንበስ ብላ አፍንጫዋን ወደ ውኃው ሰደደች። ወዲያው እሳት እንደ ነካት ሁሉ ራሷን ወደ ኋላ መለሰች። ላይኛውም ደፍርሶ፣ እንቁራሪቶቹ ሸሽተውት ነበር።

«ኧረ አባ ኤሊ! ይህ ምን ጉድ ነው?»

የምንጭ ጠባቂዎች ማኅበር አለቃ የሆኑት አባ ኤሊ ራሳቸውን ከድንጋይ ልብሳቸው ቀስ አድርገው አወጡ። «አንቺን ዛሬ ሸተተሽ፤ እኔ እኮ ክረምቱ ከገባ ጀምሮ አፍንጫዬን ከልብሴ ውስጥ ደብቄ ነው የማድረው።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«የእኔ ጥበቃ ከውኃው ዳር ወደ ውስጥ ነው፤ ቅጠል ቢወድቅ አነሣለሁ፣ ሰኮና ቢረግጥ እጮኻለሁ። ከመሬት በታች ሰርጎ የሚመጣው ግን የቆፋሪዎች ጉዳይ ነው። ሂጂና ጃርትን ጠይቂው።»

የቆፋሪዎች ማኅበር አለቃ ጃርት ከአንድ ቤት ጓሮ አዲስ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲቆፍር ተገኘ። አፈር ከኋላው እንደ ምንጭ ይፈናጠራል።

«ጋሼ ጃርት፣ ምንጩ ሸተተ እኮ! የልጄ ሠርግ ሊቀር ነው!»

«የእኔ ሥራ ከጉድጓዱ አፍ ወደ ታች ነው፣ እመት አህዪት» አለ ጃርት ቀና ሳይል። «እቆፍራለሁ፤ በጭቃ እለስናለሁ፤ እከድናለሁ። ከዚያ ወዲያ ሞላ፣ አልሞላ፣ ማን ጠረገው ብዬ አልጠይቅም። ያ የጫኞች ነገር ነው። ለመሆኑ የጫኞች ማኅበር አለቃ ማን ነበር?»

እመት አህዪት ጆሮዎቿ ወደቁ። አለቃዋ እሷው ነበረች! የሞላ ጉድጓድ አስጠርጎ ጭኖ ወደ ሩቁ ማሳ መውሰድ የአህዮች ሥራ ነውና።

«እኛ የተጠራነውን እንጭናለን እንጂ» አለች፣ «ያልጠራንን ደጅ አናንኳኳም...»

ቃሉ ከአፏ እንደ ወጣ አፈረች። ድምፁ የራሷ ቢሆንም ንግግሩ የአባ ኤሊ ነበርና።

በሾላ ግርጌ የጎረቤትን ጉድጓድ መጠየቅ ነውር ነበር። ጃርት ቆፍሮ የከደነውን ጉድጓድ ባለቤቱ አፈር ያለብሰዋል፤ ዱባ ይተክልበታል፤ ሐረጉም ክዳኑን አልብሶ ገበናን ይሸፍናል። እንግዳ ቢመጣ «እንዴት ያለ ዱባ ነው!» ብሎ ያደንቃል እንጂ ከሥሩ ምን እንዳለ አይጠይቅም። በዚህ ጨዋነት ምክንያት የትኛው እንደ ሞላ፣ የትኛው እንደ ተቀደደ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

እመት አህዪት እንስራዎቿን ባዶ ይዛ ስትመለስ በአያ ጅቦ ደጅ አለፈች። አያ ጅቦ ትናንት ማታ ከደገሰው ድግስ የተረፈውን አጥንት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቁጭ ብሎ ይቆረጥማል። ብልጢቱ እመት ቀበሮም ከጎኑ ሆና አንድ ወፍራም የበሬ ጭን በቅጠል ትጠቀልላለች።

«እመት አህዪት! ግቢ እንጂ፣ ግቢ! አጥንት ቆርጥሚ!» አለ አያ ጅቦ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እኔ የምበላው ሣር ነው» አለች ከአጥሩ ውጭ ቆማ። አህያ ከጅብ ጋር ስትጫወት አጥር በመካከል ቢኖር ይሻላልና።

«አይ ጉዳትሽ! ለዚህ ነዋ የከሳሽው። ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ምንጩ ሸተተብን አያ ጅቦ። የማን ጉድጓድ ይሆን እያልኩ ነው።»

«የእኔ እንደማይሆን እወቂ!» ደረቱን ነፋ። «ከሁላችሁ አብልጬ የምበላ እኔ፤ ከሁላችሁ አብልጬ የማወጣ እኔ። የእናንተ በየዓመቱ እየሞላ ያስጮኻችኋል። የእኔ ግን ክረምት በክረምት ላይ ሲደረብ አንድ ቀን ሞልቶ አያውቅም። ጉድጓዴ እንደ ሆዴ ነው፤ አይጠግብም!»

«የተባረከ ጉድጓድ ነው» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ፣ ጭኑንም ብብቷ ሥር ሸጉጣ። «ደመናው ሊመለስ ነው እመት አህዪት፤ ሳትበሰብሺ ወደ ቤትሽ ሂጂ እባክሽ።»

እመት አህዪት ሄደች፤ ነገር ግን በመንገዷ ሁሉ አንድ ሐሳብ እንደ ዝንብ ጆሮዋ ላይ ይዞር ነበር። ቀበሮ ለእሷ መበስበስ መቼ አስባ ታውቃለች? ደግሞስ የማይሞላ ጉድጓድ የገባበትን ወዴት ያደርሰዋል?

ከሰዓት በኋላ አባ ኤሊንና ጃርትን ወደ ቤቷ ጠራቻቸው። ጃርት ቶሎ ደረሰ፤ አባ ኤሊ ግን ሲደርሱ ጃርት አንድ እንቅልፍ ተኝቶ ነቅቶ ነበር። ገና ከመቀመጣቸው ክርክሩ ተጀመረ።

«የውኃው ዳር የእኔ ነው፤ ከዚያ ወዲያ...»

«ከአፉ ወደ ታች የእኔ ነው፤ ከዚያ ወዲህ...»

እመት አህዪት ብድግ አለች። ወደ ጓሮዋ ወስዳቸው በአገሩ ታይቶ የማያውቅ ነገር አደረገች፤ የዱባውን ሐረግ በጥርሷ ጎትታ ጣለች፣ አፈሩን በሰኮናዋ ገፋች፣ የገዛ ጉድጓዷን ክዳን በጠራራ ፀሐይ ከፈተች።

«እመት አህዪት! ኧረ ነውር ነው!» ብለው አባ ኤሊ ራሳቸውን ወደ ልብሳቸው መለሱ።

«ይውጡ አባ ኤሊ፤ ይኸው ገበናዬ! ልጄ በሽታ እየቀዳች ከምትቀር እኔ በጉድጓዴ ልፈር። እዩልኝ፤ ከእኔ ከሆነም ንገሩኝ።»

ጃርት ጎንበስ ብሎ አየ። «ልስኑ ምንም አልሆነም፤ የእኔ እጅ ነዋ!» ቀጥሎም እሾሁ እስኪንቀጫቀጭ ሳቀ። «ግን እስከ አፉ ሞልቷል! የጫኞች አለቃ የራሷን ሳትጭን!»

አባ ኤሊም ከልብሳቸው ውስጥ ሳቁ፤ ሳቁ ከድንጋይ ውስጥ እንደሚመጣ ከበሮ ይሰማ ነበር። እመት አህዪትም ሳቀች። ሦስቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ሳቁም ነውሩን እንደ ጠዋት ጤዛ አረገፈው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ለማንም ነግሮት የማያውቀውን አወጣ።

«እንግዲያውስ እኔ ልናገር» አሉ አባ ኤሊ። «ውኃው ሁልጊዜ እኩል አይሸትም። የሚብሰው አያ ጅቦ በደገሰ ማግስት ነው።»

ጃርት ሳቁን አቆመ። «የእሱን ስቆፍር ከጎኑ አሸዋ አገኘሁ፤ ቁልቁል ወደ ሾላው የሚሄድ የአሸዋ ጅማት። ስለዚህ ጭቃውን ደርቤ ለሰንኩት። ካልተቀደደ በቀር ጠብታ አያሳልፍም።»

«እኛ ደግሞ» አለች እመት አህዪት በቀስታ፣ «ከእሱ ቤት አንድ ቀን ጭነን አናውቅም። ሞልቶ አያውቅማ!»

ተያዩ። «ተቀዷል!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ። እያንዳንዱ የእውነቱን ሲሶ ይዞ ስንት ክረምት ኖሯል!

መንደሩ ሁሉ ተከትሏቸው ወደ አያ ጅቦ ደጅ ወጡ። እመት ቀበሮ ከበሩ ላይ ቆማ «የሰው ገበና! ነውር! ነውር!» እያለች ጮኸች። አያ ጅቦ ግን ገፋ አደረጋት። «ይታይ እንጂ! የሚያስደንቅ ነገር ምን ያስደብቀዋል?» ብሎ ክዳኑን በራሱ እጅ አነሣው።

ጃርት በገመድ ወርዶ ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ተጣራ። «ከጎኑ የቀበሮ ራስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ! ማን ቀደደው?»

«እኔ ነኛ!» አለ አያ ጅቦ በኩራት። «እመት ቀበሮ መከረችኝ። በየዓመቱ ለጫኞች የጉልበት ዋጋ ገብስ ከምትሰፍር ጎኑን ቅደደው፤ ምድር ትጠጣልሃለች አለችኝ። ለምክሯ ከየድግሱ አንድ ጭን ትወስዳለች፤ አይበዛባትም።»

«ምድርስ ጠጥታ ወዴት ታደርሰዋለች?» ጠየቀች እመት አህዪት።

አያ ጅቦ ግንባሩን ቋጠረ። «ወደ ታች።»

«ከታች ምን አለ?»

«ምንጭ።»

«ከምንጩስ ማን ይጠጣል?»

«እናንተ... እነ ኤሊ... እነ...» ድንገት ዓይኑ ፈጠጠ። «እኔ! ዛሬ ጠዋት አንድ ጋን ጠጥቻለሁ! የበላሁትን መልሼ ስጠጣው ኖሬያለሁ ማለት ነው?» ምላሱን አውጥቶ በሣር እየጠረገ ግቢውን ሲዞር መንደሩ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። ቀበሮ በዚያ ግርግር ሹልክ ልትል ስትል አባ ኤሊ ቀስ ብለው ጅራቷ ላይ ተቀመጡባት።

ፍርዱም አስደሳች ነበር። «ምላስሽ ቤት ለቤት መግባት ያውቃል» አሏት መንደርተኞቹ ቀበሮን። «ከእንግዲህ በየደጁ እየዞርሽ ጉድጓዳችሁ እንዴት ሰነበተ ብለሽ ጠይቂ፤ ያየሽውንም ለሦስቱም ማኅበር ተናገሪ።» አያ ጅቦ ደግሞ ገብሱን ከእነ ውዝፉ እንዲሰፍርና ጉድጓድ ሲጠረግ ገመድ እንዲስብ ተወሰነበት።

በማግስቱ ጃርት ቀዳዳውን በጭቃና በድንጋይ ደፈነ። አህዮች ተሰልፈው ከየጓሮው ጫኑ፤ ገመድ ሳቢዎቹም እንዲህ እያሉ ዘፈኑ፦

«ውጣ ከጉድጓዱ፣ ግባ ከማሳው፣
የከርሞ ዱባ ነው የምናነሣው!»

አያ ጅቦ ከዜማው ወጥቶ ከሁሉም በላይ ይጮኽ ነበር። ሦስቱ ማኅበራትም ተማማሉ፦ አባ ኤሊ የውኃውን መሄጃ ሳያሳዩት ጃርት አይቆፍርም፤ ጫኞች ያልተጠሩበትን ቤት ለጃርት ይነግሩታል፤ ምንጩ ቢሸት ጩኸቱ ለሁሉም ይሰማል። ክረምት ከመግባቱ በፊትም መንደሩ ሁሉ ባንድ ቀን ክዳን ይከፍታል፤ ያ ቀን የነውር ሳይሆን የዘፈን ቀን ይሆናል።

አደይ ፈነዳ። ከወንዝ ማዶ ሽበታሙ ሽማግሌ አህያ ከእነ ወገኖቹ መጣ። ላይኛው ዓይን ጠርቶ፣ እንቁራሪቶቹም ተመልሰው ነበር፤ የታችኛው ሽታ ግን አልለቅ ስላለ በድንጋይ ደፍነውት ነበር። አባ ኤሊም ከላይኛው በቅል ቀድተው አቀረቡ። ሽማግሌው ግን ቅሉን ሳይቀበል ወደ ሾላው ተመለከተ።

«የዚህ መንደር ስም የተጠራው በሾላው ሥር ውኃ ነበር። የት ሄደ?»

ዘፈኑ ቆመ። ሸጊት አንገቷን ደፋች። ቀበሮ ውሸት ልትለግስ አፏን ስትከፍት እመት አህዪት ቀደመቻት።

«አባቴ፣ እኛው ነን ያሳመምነው። እኔ ድርሻዬ አይደለም አልኩ፤ አባ ኤሊም አሉ፤ ጃርትም አለ። ይህኛውን ግን አብረን ጠበቅነው። ከፈለጉ ይትፉት፤ እኔ ግን አልዋሽዎትም።»

ሽማግሌው ቅሉን ተቀበለ። ውኃውን ጎርሶ ጉንጩን ነፋ፤ ዓይኑን ጨፈነ። ጉሮሮው ከፍ፣ ከዚያም ዝቅ አለ።

«ድገሙኝ!» አለ ሽማግሌው። «ልጄ ጥፋቱን ከማይሸፍን ቤት ያገባል።»

እልልታው ሸንተረሩን ተሻግሮ ማዶ ተሰማ። አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት ከበሮውን ሊነክሰው ሲል ነጠቁት። ሸጊትም በአደይ ተሸልማ ወንዙን ተሻገረች።

ታችኛው ዓይን ግን አልተመለሰም፤ እመት አህዪት ልጇን የመጀመሪያ ውኃ ያጠጣችበት የሾላው ሥር ምንጭ በድንጋይ ተደፍኖ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው ቆፋሪው፣ ጫኙና ጠባቂው «የእኔ ድርሻ እስከዚህ ነው» እያሉ ተለያይተው ከቆሙ በድርሻና በድርሻ መካከል የሚያልፈው ቆሻሻ ወደ ሁሉም ምንጭ እንደሚደርስ፣ ዕውቀታቸውን በጊዜ ካጣመሩ ግን የእያንዳንዱ ቤት ጓሮ የሁሉም ጤና እንደሚሆን ነው።