አሥራ ሁለቱ ሰማያዊ ጨርቆች

አንድ የሰማይን ጠባይ በመመርመር ዕድሜውን የፈጀ ሊቅ ነበር። ስሙ አስረስ ይባላል። ደመና ለምን እንደሚነጣና ለምን እንደሚጠቁር፣ ጀምበር ስትጠልቅ ለምን እንደምትቀላ የጠየቀው ሰው ካለ የጎረሰውን ሳይውጥ ይነሳ ነበር። «እንደምን ዋልክ?» ሲሉት እንኳ መጀመሪያ ቀና ብሎ ሰማዩን አይቶ ነው የሚመልሰው። ሚስቱ የዝና በዚህ ትስቅበታለች፤ ግን ትወደዋለች። እሷ ክርና ጨርቅ ቀለም የምትነክር ባለሙያ ናት፤ በዚያ አገር ሰማያዊ ቀለም እንደ የዝና አሳምሮ የሚያወጣ አልነበረም።

አስረስ በብዙ ዓመት ድካም የደረሰበት ነገር ይህ ነው። አየሩ ንጹሕ ሲሆን ሰማዩ ጠለቅ ያለ ሰማያዊ ይሆናል። ጭስና ብናኝ ሲበዛበት ግን ብርሃኑ ከየብናኙ ጋር እየተጋጨ ይበተንና ሰማዩ ይነጣል፤ ውሃ ላይ ወተት ጠብ ሲል እንደሚደፈርሰው ማለት ነው። ይህን በግምት ሳይሆን በልክ ማወቅ ፈለገ። የዝናም አሥራ ሁለት ነጫጭ ጨርቆች አዘጋጅታ የመጀመሪያውን ቀለሙ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ሁለተኛውን ሁለት ጊዜ፣ እንዲህ እያለች አሥራ ሁለተኛውን አሥራ ሁለት ጊዜ ነከረችለት። አስረስ ጨርቆቹን በተራ በረጅም እንጨት ላይ አስሮ ግቢው መካከል አቆማቸው። ደመና በሌለበት ቀን ሁሉ እኩለ ቀን ላይ ይወጣና ከሰማዩ ጋር የሚመሳሰለውን ጨርቅ ፈልጎ ቁጥሩን ይጽፋል። ቁጥሩ ከፍ ካለ አየሩ ጠርቷል፤ ዝቅ ካለ ቆሽሿል።

በዚያ ዘመን የአገሩ ንጉሥ አዲስ ቤተ መንግሥት ያሠሩ ነበር። ለግንቡ የሚሆነው ኖራ በቆላው ሸለቆ በአርባ ምድጃ ያለ ዕረፍት ይቃጠላል፤ ጭሱም ወደ ሰማይ ይወጣል። ንጉሡ ክፉ ሰው አልነበሩም። «የሰማዩ ልክ ከስድስት በታች ከወረደ ምድጃው ሁሉ ይጥፋ» ብለው አዋጅ አስነገሩ፤ ልኩን በየዓመቱ እንዲያስታውቅም አስረስን ሾሙት። በመጀመሪያው ዓመት ሰባት አለ። በሁለተኛው ስምንት። ንጉሡ ደስ ብሏቸው ካባ አለበሱት፤ በግብር ቀንም በቀኛቸው አስቀመጡት። እውነቱን ለመናገር አስረስ ካባውን ወዶታል። ወንዝ ሲወርድ እንኳ ደርቦት የሚሄድበት ቀን ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ልኩን ለማስታወቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ አያ ደርሶ የሚባሉ ሽማግሌ ንብ አርቢ ትንሽ ማሰሮ ማር ይዘው ከሸለቆው ወጥተው መጡ።

«ጌታዬ፣ ሰማያችን ነጣብን» አሉት። «ንቦቼ ለቀሰም ይወጡና መንገዱ ይጠፋቸዋል፤ ግማሾቹ አይመለሱም። ባለቤቴም ሳል ደረቷን ይዟት ተኝታለች። አሁን ደግሞ በአርባው ምድጃ ላይ ሌላ አርባ ይጨመራል ሲባል ሰማን። እባክዎ ለጃንሆይ ይንገሩልን።»

አስረስ አዘነ። ማዘኑ የእውነት ነበር። ሆኖም ሽማግሌውን እጃቸውን ይዞ ወደ እንጨቱ ወሰዳቸው።

«ይመልከቱ አያ፣ ዘንድሮ ዘጠኝ ነው። አምና ስምንት ነበር። ሰማዩ እየጠራ ነው እንጂ አልነጣም።»

«እኔ ቁጥሩን አላውቀው፣ ጌታዬ። ስድሳ ዓመት ያየሁትን ሰማይ ግን አውቀዋለሁ።»

«ዓይን ያታልላል፣ አያ። መለኪያ ግን አይዋሽም።»

ሽማግሌው ከሊቅ ጋር ምን ብለው ይከራከሩ? የዝና ያቀረበችላቸውን ምሳ ጥቂት ቀማምሰው፣ ማሩን ትተው ወደ ሸለቆአቸው ወረዱ። የዝና እስከ ቁልቁለቱ ሸኝታቸው ስትመለስ «ሰውየው ውሸታም አይመስሉም» አለች።

«ውሸታም መቼ አልኩ? ተሳስተዋል ነው ያልኩት» አለ አስረስ። ማሩን ግን ያን ቀን አልቀመሰውም።

በማግስቱ የዝና ካባውን ስታሰናዳ ጫፉ ተተርትሮ አገኘችው። መጥቀሚያ የሚሆን ሰማያዊ ክር ልትነክር ተነሳች። የዝና አንድ የሙያ ልማድ ነበራት፤ ከነከረችው ሁሉ ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ በማያየው ቦታ ታስቀምጣለች። ያንኑ ቀለም ዳግመኛ የሚፈልግ ሲመጣ ከቁራጩ ጋር እያስተያየች ታወጣለታለች። አሁንም የካባውን ቀለም የሚመስል ቁራጭ ስትፈልግ፣ ከባሏ ጨርቆች የቆረጠቻቸውን አሥራ ሁለቱን ቁራጮች በአንድ ክር እንደታሰሩ አገኘቻቸው። የመጨረሻውን አንስታ አየችው። ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ ነው። ደጅ የቆመው እንዲህ ያለ አልመሰላትም።

ወደ ግቢው ወጣችና ቁራጩን ከአሥራ ሁለተኛው ጨርቅ ጋር ጎን ለጎን ያዘችው። ደጋግማ አየች።

«አንተ ሰውዬ፣ ና እስቲ!»

«ለነገ የማቀርበውን እየጻፍኩ ነው።»

«ጽሑፉን ተወውና ና።»

መጣ፤ አየ። ሁለቱ ከአንድ ጋን የወጡ አይመስሉም ነበር። በእንጨቱ ላይ ያለው ሦስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ነጥቷል። ጨርቁ በነጣ ቁጥር ሰማዩ ከሱ ጋር ሲነጻጸር የጠራ እየመሰለ፣ ቁጥሩም ከዓመት ዓመት እየጨመረ ሄዷል።

«ልብስ ፀሐይ ላይ ሲከርም እንደሚነጣ የማያውቅ ሊቅ አግብቼ!» አለች የዝና። ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው።

አስረስ ቁራጮቹን ተቀብሎ ወደ ሰማዩ አነሳቸው። ዘጠኝ አይደለም። ሰባትም አይደለም። አራት ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። የአያ ደርሶ ድምፅ ጆሮው ላይ ነበር፤ ካባውም ከልቡ አልወጣለትም።

«የዝና፣ እንዲህ ባደርግስ?» አለ። «ነገ ስምንት ልበል። ከርሞ ሰባት፣ ከዚያ አምስት። ቀስ እያለ ይወርዳል። እኔም በአደባባይ አላፍር፣ ምድጃውም ይጠፋል።»

የዝና አጠገቡ ተቀመጠች። «የአያ ደርሶ ሚስት ሳልስ ቀስ ይላል?» አለችው።

አስረስ አቀረቀረ።

«ቀለሙ የኔ ነው» አለች እጁን ይዛ። «በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ እኔም አላየሁትም። ነገ ብቻህን አትቆምም፤ አብሬህ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ንጉሡ መኳንንቱን ሰብስበው ጠበቁት። «ዘንድሮስ ስንት ደረሰ?» አሉት ፈገግ ብለው።

«አራት፣ ጃንሆይ» አለ አስረስ። የነጣውን ጨርቅና ከሳጥን የወጣውን ቁራጭ አስተያይቶ አሳየ፤ ሁሉንም ሳይደብቅ ተናገረ።

የንጉሡ ፈገግታ ጠፋ። «ሦስት ዓመት ስትዋሸን ኖረሃል ማለት ነው?»

«እስከ ትናንት ተሳስቼ ነበር፣ ጃንሆይ። ዛሬ ዝም ካልኩ ግን ያኔ ውሸት ይሆናል።»

በሌላ ተረት ቢሆን ንጉሡ አቅፈው በሸለሙት ነበር። እኔ ግን እውነት ተናግሮ ያንኑ ዕለት የተሸለመ ሰው አላየሁም። ቤተ መንግሥቱ ገና ጣራ አልነካምና ንጉሡ ተቆጡ። አዋጁ የራሳቸው ስለሆነ ምድጃዎቹ እንዲጠፉ አዘዙ፤ አስረስን ግን ሻሩት፤ ካባውንም አስወለቁት። ነፋሻ ቀን ነበር። የዝና ነጠላዋን ግማሹን ለሱ አልብሳው፣ እንደ ሙሽሮች ተጠጋግተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። አስረስ መንገድ ላይ «ይሄኛው ካባ ይሞቃል» አላት። የዝና ጎኑን በክርኗ መታችው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ሁለት ክረምት አለፈና አንድ ቀን አያ ደርሶ እንደገና መጡ። የዛሬው ማሰሮ ትልቅ ነው። ከኋላቸው ባለቤታቸው ዳገቱን በእግራቸው ወጥተው፣ በሩ ላይ ቆመው እየሳቁ ይተነፍሳሉ። አስረስ ሮጦ ሊስማቸው ምንም አልቀረውም። የዝና ዳግመኛ የነከረቻቸው ጨርቆች አሁን የሚኖሩት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ለልኬት ብቻ ይወጣሉ። አስረስ አወጣቸው፤ ከመለካቱ በፊት ግን ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይንገሩኝ አያ። ሰማዩ እንዴት ነው?»

አያ ደርሶ ቀና ብለው ብዙ አዩ። «የድሮው ሰማይ እየተመለሰ ነው፣ ልጄ» አሉ።

አስረስ ሰማዩን ለካ። ሰባት ነበር። ያን ቀን ማሩን እስኪጠግብ በላ።

እነሆ፣ ክፉውንና ደጉን የምንለካበት ጨርቅ በያንዳንዳችን ልብ ውስጥ ተሰቅሏል። ስንሰቅለው ደማቅ ነበር። ሲነጣ ግን አይነግረንም፤ ዓለሙ የተሻሻለ እያስመሰለ ዝም ብሎ ይነጣል። ስለዚህ ትናንት ያሳፍረን የነበረ ነገር ዛሬ ደህና መስሎ ከታየን፣ ነገሩ ጠርቶ ነው ወይስ መለኪያችን ነጥቶ ብለን እንጠይቅ። የተበደለ ሰው «ሰማዩ ነጣብኝ» ሲለንም፣ ቁጥር ከማሳየታችን በፊት ጨርቃችንን እንይ።

እርስዎስ ያን የመጀመሪያውን ቁራጭ የት አስቀመጡት? «ና እስቲ» ብሎ የሚጠራዎት ሰውስ አለዎት? ካለ፣ የያዙትን ጽሑፍ ትተው ቶሎ ይሂዱ።