የባቄላው ውሃ

ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ ዘንድ፦ በወይዘሮ ብርነሽ ቤት ሁለት ቁና ገብስ አልበቅልም ብሏል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ድምፁን አጥፍቶ ሰው የሚጎዳ ሲገኝ በአገሩ የሚጠቀሰው ተረት የወጣው ከዚሁ ገብስ ነው።

ብርነሽ የማኅበር ተራ ደርሷት ለጠላው ብቅል፣ ለቁርሱ በቆልት ማሰናዳት ነበረባት። ዕቃ ቢያጥራት "ውሃ ያው ውሃ ነው" ብላ ገብሱንና ባቄላውን አንድ ጋን ውስጥ ዘፈዘፈች፤ በማግስቱ በወንፊት ለይታ ለየብቻ በቅጠል ጠቀለለቻቸው። በሦስተኛው ቀን ባቄላው ጭራ አወጣ። ገብሱ ጭጭ።

ብርነሽ ማንንም አልወነጀለችም። ወንዝ ስትወርድ ብቻ፣ ጎረቤቷ የሻረግ ሰኞ ዕለት ብቅ ብላ "እንዴት ያለ ገብስ ነው" ማለቷን ለአንዷ ሹክ አለች። ሳምንት ሳይሞላ የሻረግ ስታልፍ ሌማት ይከደን፣ ሕፃን ይሸፈን ጀመር። ሰላምታዋን የሚመልስላትም መሬት መሬት እያየ ነው።

የሻረግን ከማዘን ይልቅ ገረማት። ሽማግሌው አባ ዘገየ ዘንድ ብርነሽን አስጠራችና ጠየቀቻት።

"ለመሆኑ ባቄላው በቀለ?"

"በደንብ።"

"እሱንም እኮ አይቼዋለሁ። ዓይኔ ባቄላ አይስማማውም ማለት ነው?"

አባ ዘገየ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ብርነሽ ሁለቱን አንድ ጋን ውስጥ መዘፍዘፏን ስትናገር፣ ከዚያው ከጆንያዋ ገብስ መጣ። ግማሹ በንጹሕ ውሃ፣ ግማሹ ባቄላ ባደረበት ውሃ ተዘፍዝፎ፣ በሁለት ቅጠል ተጠቅልሎ እሳቸው ቤት ድንጋይ ተጫነበት። ሲዘፈዘፍም ሲፈታም የሻረግ ዓይኗ እንዳይታማ ፊቷን በነጠላ ሸፍና፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም ካልበቀሉ አገር ለቆ መሄድ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ቢሆንም ሦስቱን ቀን ያስጨነቃት ምን ይሆን የሚለው ጉጉት ነው።

ቅጠሉ ተፈታ። የንጹሑ ውሃ ገብስ ነጭ ጢም አውጥቷል። የባቄላው ውሃ ገብስ አብጦ፣ እንደተቀየመ ዘመድ ዝም ብሏል።

"እንግዲያ ባቄላው ውሃው ውስጥ የሚለቀው ነገር አለ" አለች የሻረግ፣ ፊቷን ገልጣ።

ብርነሽ፣ እኔ እኮ ቡዳ ናት አላልኩም፣ ያየሁትን ነው የነገርኩ እያለች ተንተባተበች። ታዲያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አባ ዘገየ በግልጽ እንዲያስረዱ ብትወተውታቸው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ።

"አላብራራም፤ ባቄላ አፍ የለው፣ ገብሱን በውሃው አስቀረው።"